ማህተም የሌላት ማስረጃ

«ጣፋጭ ነው የገደለው» አለች የሟቹ አክስት፣ አራተኛውን ማንኪያ ስኳር ሻይዋ ውስጥ እያማሰለች። «ስንቴ ነገርኩት! ተው ልጄ፣ ይሄ ለስላሳ ይቅርብህ፣ ኪስህን በከረሜላ አትሙላ ብዬ ስንቴ መከርኩት! ሰሚ ሲጠፋ ምን ይደረጋል?»

አጠገቧ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

መጋረጃ ሰፊዋ ሶፋው ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ይህን ሁሉ ሰማች። ባሏ ከሞተ አንድ ቀን ተኩል፣ ከተቀበረ ደግሞ ገና ግማሽ ቀን ነው። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ተጨናንቋል። ለአክስትየዋ መልስ መስጠት ትችል ነበር። ያ ለስላሳና ያ ከረሜላ መድኃኒቱ ነው፣ ስኳሩ ሲወርድበት ከሞት አፋፍ የሚመልሰው እሱ ነው ብላ ማስረዳት ትችል ነበር። ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ተነግሮት ያልገባው ሰው ዛሬ ሊገባው አይችልም። አክስትየዋ በዓለም ላይ የምታውቀው በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የበሽተኛው ጥፋት ነው።

«አይደል እንዴ ልጄ?» አለች ወደ እሷ ዞር ብላ።

«ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝብዎ፣ እትዬ» አለቻት።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ዋለ። አንድ የሰፈር ሰው ሟቹ የሞተው በቀን ነው በሌሊት ብሎ ጠየቀ፤ በቀን ሲሉት «በቀን ይሻላል» አለ፤ ለማን እንደሚሻል ግን አላብራራም። አንዷ ጎረቤት የስኳር በሽታን ከነሥሩ የሚነቅል ቅጠል እንደምታውቅ ተናገረች፤ እስከ ዛሬ የት ደብቃው እንደቆየች የጠየቃት የለም። ሌላዋ ሐዘንተኛዋን አቅፋ፣ አልቅሳ፣ ዕንባዋን ጠርጋ ስታበቃ፣ የሳሎኗ መጋረጃ ለወሩ መጨረሻ ይደርስላት እንደሆነ በጆሮዋ ጠየቀቻት። ሰፊዋ ለሁሉም «ክፉ አይንካችሁ» አለች። በልቧ የምትለውን ቢሰሙ ኖሮ እያንዳንዳቸው ወንበራቸውን ተሸክመው በወጡ ነበር።

ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «ከፍዝቅ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ከሊፍቱ ይሁን ከስኳሩ እሱም በትክክል አያውቅም፤ ሁለቱም ከፍ ዝቅ እያሉ ሲያጫውቱት ኖረዋል።

የተዋወቁትም ሊፍት ውስጥ ነው። እሷ ያኔ አርባ ሜትር መጋረጃ ተሸክማ ወደ አንድ ቢሮ ስትወጣ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል ተቀርቅራ ቀረች። መብራቱ ጠፋ። ጩኸቷን ስታቀልጠው ከላይ የሰው ድምፅ መጣ።

«እኅቴ፣ ጩኸቱን ቀነስ አድርጊው፤ ሊፍቱ ደንጋጣ ነው።»

«ይወድቃል እንዴ?»

«አይወድቅም። ገመዱ አምስት ነው፤ አንዱ ብቻውን ይችልሻል። ኪሎሽ ስንት ነው?»

«ምን አገባህ!»

«በቃ፣ እንዲህ የሚቆጣ ሰው ደህና ነው።»

በሩን በእጁ ፈልቅቆ ሲከፍተው ወለሉ ከደረቷ በላይ ስለነበር መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። ቀጥሎ በደረቱ ተኝቶ እጁን ዘረጋላት። ከእሷ አስቀድሞ መጋረጃውን ተቀበለ። «እሱ ይቀደዳል፤ አንቺ አትቀደጂም» አለ። በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ከመጋባታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ሆኗል። ሦስተኛ ቀጠሯቸው ላይ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው፣ ያለ ምንም ምክንያት «አንቺ ደነዝ» አላት። ሰው ዞር ብሎ አየ። ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ስትል ግንባሩ ላይ ላቡ ኩልል ሲል፣ ከንፈሩ ሲገረጣ አየች። «ስኳር» አለ፤ ምላሱ ተሳስሮ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ስኳር በሙሉ ሻዩ ውስጥ በጥብጣ አጠጣችው። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ዓይኑ ጠራ። ምን እንዳላት ሲነግሩት በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«የሰው ቆሽት በንዴት ነው የሚያርረው» አላት። «የእኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ሳልናደድ አረረ። በየቀኑ ኢንሱሊን እየተወጋሁ የምሠራለት እሱ መሥራት ሲገባው የተወውን ሥራ ነው። መርፌው ከበዛ ወይም ሥራ ከበዛብኝ ስኳሬ ይወርዳል። ሲወርድ ሰው እሰድባለሁ። አሁን ልትሄጂ ትችያለሽ።»

አልሄደችም። ይልቅ ሕግ አወጣች፦ ከተሳደበ ወርዷል፤ ከቀለደ ልክ ነው፤ ዝም ካለ ሩጪ። በሕጉ መሠረት በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ረፋድ ላይና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደውልለታለች። የምትጠይቀው ጤንነቱን አይደለም። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ትለዋለች፤ መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ የምታዳምጠው ድምፁን ነው።

በሁለተኛው ቀን የባሏ የሥራ ሸሪክ መጣ። ሠላሳ ዓመት ሊፍት ሲፈታና ሲያስር የኖረ ሽማግሌ ነው። ቡሎን ሲያጠብቅ እንጂ ሲናገር ያየው ሰው ስለሌለ «ጋሼ ቡሎን» ይባላል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከመጣው ሰው ሁሉ እሷን ያላስጠላት እሱ ብቻ ነበር። ሊሄድ ሲነሣ ኩሽና ጠርታ በሩን ዘጋችው።

«ይንገሩኝ ጋሼ። ምንም ሳያስቀሩ።»

«ምን ልንገርሽ ልጄ…» ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «ጠዋት ሊፍቱ ቆመ ብለው ደወሉ። እኔ ሌላ ሕንፃ ላይ ነበርኩ፤ እሱ ብቻውን ሄደ። የሞተሩ ክፍል ጣሪያው ላይ ነው። አሥር ፎቅ በእግሩ ወጣ።»

«የሥራ ዕቃውን ተሸክሞ?»

«ዕቃውን ተሸክሞ። የተበላሸው ፍሬኑ ነበር። ሠርቶታል፤ እኔ ነኝ ያየሁት፣ ጥርት አድርጎ ነው የሠራው። ከዚያ ሊፍቱ መሄድ ጀመረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሊፍቱ ሄደ። ሰዉ ወጣ፣ ወረደ። ሊፍት ሲቆም ነው እንጂ ሲሄድ ጠጋኙ የት ገባ የሚል ማን አለ? ወርክሾፕ ሳይመለስ ሲቀርብኝ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔው ሄድኩ። ሞተሩ አጠገብ ተኝቷል። ሞተሩ እየዞረ ነው። እሱ ግን…»

«ከረሜላውስ?»

«እጁ ላይ ነበር። መጠቅለያው አልተፈታም።»

«መለኪያውስ?»

«ሳጥኑ ተከፍቷል። ወረቀት የለውም። አንድ እንኳ የለውም።»

ሰፊዋ ወደ ቧንቧው ዞረች፤ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ሐኪሙ ጣትህን እየወጋህ በቀን ስድስት ጊዜ ለካ ብሎታል። የጤና መድን መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የመለኪያ ወረቀት በወር ሃምሳ ነው። በሐኪሙ ቃል ከሄደ የወሩ ወረቀት በዘጠነኛው ቀን ያልቃል ማለት ነው፤ ቀሪውን ቀን እየቆጠበ፣ እየገመተ፣ አንዳንዴም ጣቱን ሳይወጋ እንዲሁ እያየው «ዛሬ ደህና ይመስለኛል» እያለ ይኖራል። መድኑም ይህን «መሠረታዊ አቅርቦት» ይለዋል።

ሟቹ የሞተበት ሕንፃ ስድስተኛና ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ማን ነው? ያው የጤና መድኑ ነው። ከፍዝቅ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርዳቸው የኖረው እነሱን ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሙ ስለ አንድ መሣሪያ ነገራቸው። ክንድ ላይ ይለጠፋል፤ ሳንቲም ታክላለች፤ ስኳሩን ቀንም ሌሊትም ያለ ወረቀትና ያለ ደም እያነበበች ወደ ስልክ ትልካለች፤ ስኳሩ መውረድ ሲጀምር ትጮኻለች። ሴንሰር ይሏታል። አንዷ የምታገለግለው ሁለት ሳምንት ነው። ለወሩ ሁለት ለመግዛት የሊፍት ጠጋኝ ደመወዝ እኩሌታ አይበቃም።

አንድ ጊዜ ግን ገዛ። የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ሰብስቦ፣ ለእሷ ሳይነግር፣ አንድ ቀን እጅጌውን ጠቅልሎ አሳያት። «አሁን አንቺ ጡረታ ወጥተሻል» አላት።

እነዚያ አሥራ አራት ቀናት ለሁለቱም ሌላ ዓለም ነበሩ። መሣሪያዋ አውቶቡስ ውስጥ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲፈትሽ እሱ ከረሜላውን ጎረሰ። ሚስቱ መጋረጃ ስታሰቅለው ጮኸች፤ ከመሰላሉ ወረደ። የእሷ ስልክ ላይም ቁጥሩ ይመጣ ስለነበር ረፋድ ላይ መደወል አቆመች፤ ይህን ጊዜ ደውሎ «ምነው፣ ጠላሽኝ?» አላት። ከሁሉም በላይ ተኛች። ከተጋቡ ጀምሮ የአተነፋፈሱን ዜማ እያዳመጠች በአንድ ዓይኗ ስትተኛ የኖረች ሴት፣ አሥራ አራት ቀን ሙሉ በሁለቱም ዓይኗ ተኛች። በአሥራ አምስተኛው ቀን መሣሪያዋ ጊዜዋን ጨርሳ ዝም አለች። ከፍዝቅ ከክንዱ ላይ አንሥቶ መዳፉ ላይ አገላብጦ አያት፤ «እንግዲህ ከጡረታ ተመልሰሻል» አላት። ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ ልክ ሊፍቱ እንደተከፈተ፣ ግድግዳውን ያከለ ፖስተር ተለጥፎ ነበር። ጥርሱ በረዶ የመሰለ ሽማግሌ ክንዱን ገልጦ ሴንሰሩን ያሳያል። ከሥሩ «ተሸፍኗል!» ይላል። ከፍዝቅ ፖስተሩን በቀን ስምንት ጊዜ ያየዋል። «ይሄ ሰውዬ ስኳር በሽታ ካለበት እኔ ፓይለት ነኝ» ይል ነበር። ቢሆንም ተሸፍኗል ይላልና፣ ማመልከቻ ጽፎ ሚስቱን ይዞ መስኮት ቁጥር አራት ሄደ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጥፍሯን በጥንቃቄ የቀባች፣ ደንቡን ግን ከጥፍሯ በላይ የምትጠብቅ ነበረች። «በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ራስን ስቶ ሆስፒታል የመግባት ማስረጃ ያስፈልጋል» አለች ሳታያቸው።

«ራሴንስ በወር ሁለቴ እስታለሁ» አለ ከፍዝቅ።

«ማስረጃ?»

«ማስረጃው እኔ ነኝ» አለች ሰፊዋ። «ቤት ውስጥ ነው የሚወድቀው፤ እኔ ነኝ የማነሣው። ስኳር በጥብጬ፣ ማር ድዱ ላይ ቀብቼ፣ እኔው ነኝ የምመልሰው።»

ልጅቷ ያኔ ብቻ ቀና ብላ አየቻት። «እርስዎ ግን ማህተም የለዎትም እኮ» አለች።

የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ወጡ፤ ሰባተኛ ፎቅ። ኃላፊው ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚጨብጥ፣ ንግግሩን ሁሉ በ«እንደሚታወቀው» የሚጀምር ሰው ነው። ሊፍት ጠጋኙን በፊቱ ያውቀዋል፤ «አንተ ነህ እንዴ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አዳመጣቸውም። ካዳመጠ በኋላ፣ ትልቅ ውለታ እንደሚውል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእሷ እንዲህ አላት፦

«እንደሚታወቀው ችግሩ እርስዎ ነዎት። ቶሎ ያነሡታል። በሚቀጥለው ሲወድቅ ምንም አይስጡት፤ አምቡላንስ ይጥሩ፤ ሆስፒታል ይመዝግበው። ሁለት ምዝገባ ብቻ! ከዚያ ይምጡ፣ እኔ ራሴ እፈርማለሁ።»

«እስከዚያ ቢሞትስ?»

«አይ፣ አይዞዎት» አለ ኃላፊው። «ብዙ ጊዜ አይሞቱም።»

ሲወጡ ሊፍቱ ውስጥ ከፍዝቅ አንድም ቃል አልተናገረም። ሕጓ እንደሚያዘው በድንጋጤ ዘወር ብላ አየችው። ስኳሩ አልወረደም። አፍሮ ነበር።

ወር ሳይሞላ አንድ ጠዋት ኩሽና በር ላይ ወደቀ። ብርጭቆው በእጁ ነበር፤ ተሰበረ። እሷ የስኳሩን ውኃ በግራ እጇ፣ ስልኩን በቀኝ እጇ ይዛ ከላዩ ቆመች። ሁለት ምዝገባ። ሁለት ብቻ። አንዷን ዛሬ፣ አንዷን ሌላ ቀን፤ ከዚያ ያቺ መሣሪያ ዕድሜ ልክ ክንዱ ላይ ትሆናለች፤ ከዚያ በሁለት ዓይኗ ትተኛለች። ቁጥሩን መጫን ጀመረች። የባሏ ተረከዝ ወለሉን መደብደብ ጀመረ። ከዓይኖቹ ነጩ ብቻ ቀረ። ስልኩን ወረወረችው፤ ግድግዳ መትቶ ወደቀ፤ ተንበርክካ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ድዱን ማሸት ጀመረች፤ እያሸች ኃላፊውን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ ደንቡን ያረቀቀውን፣ የደንቡን እናት ሳይቀር ሰደበች። በሕይወቷ እንደዚያ ተሳድባ አታውቅም።

ከፍዝቅ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሰማው ስድቡን ነው። «ስኳርሽ ወርዷል እንዴ?» አላት። ቆይቶ፣ «ደወልሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«አልደወልኩም።»

«አይ አንቺ» አለ፣ እጇን እንደያዘ። «ማስረጃ አጠፋሽ።»

ሁለተኛ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። እሷም ሁለተኛ አልሞከረችውም። ያቺን ስልኩን ይዛ የቆመችባትን ግማሽ ደቂቃ ግን ለማንም አልተናገረችም። ኃላፊውን የምትንቀውን ያህል ያችን ግማሽ ደቂቃ ትንቅ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደግሞ ሌላ የሚናቅ ነገር ተጨምሮባታል፦ የዘጠኝ ሰዓቱ ስልክ። በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአንድ ሀብታም ቤት መሰላል ላይ ቆማ፣ «ወደ ቀኝ… አይ፣ ወደ ግራ… አይ፣ እንደ መጀመሪያው» ለምትል ሴት መጋረጃ ትሰቅል ነበር። ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ስትደውል አሥር ሰዓት ሆኗል። ጠራ፤ ጠራ፤ ማንም አላነሣም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኃላፊው መጣ።

የአበባ ጉንጉን በሁለት ሠራተኞች አስይዟል። ከኋላው የመስኮት ቁጥር አራቷ ልጅ ፋይል አቅፋ ገባች፤ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ወንበር ተለቀቀ፤ አክስትየዋ እንዲያውም የራሷን ወንበር በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችው። ኃላፊው ሐዘን ቤት ውስጥም ስብሰባ እንደሚከፍት ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደሚታወቀው ሟቹ ለመሥሪያ ቤታችን ቤተሰብ ማለት ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ሊፍቱ ቆሞ ሰባት ፎቅ በእግራችን ነው የወጣነው። አስቡት፣ በዚህ ዕድሜዬ! በኋላ እሱ መጥቶ ሠራልን፤ ምሳ ሰዓት ላይ ተመስገን በሊፍት ወረድን። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አገለገለን። እንዲህ ያለ ሰው…» ድምፁን ትንሽ ሰበር አደረገ። «እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው። ከጣሪያው ላይ ሰው እየሞተ ከሥሩ ምሳ የወረደ ሰው፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ ስለ ደረጃ ያማርራል። ሽቶው ቤቱን ሞልቶታል።

ኃላፊው ወደ ልጅቷ እጁን ዘረጋ። ፋይሉ ተከፈተ፤ አንድ ወረቀት ወጣ።

«ይቺን ትንሽ ነገር ደግሞ… ለአሠራር ያህል ናት። መሥሪያ ቤታችን የቀብር ወጪውን በሙሉ ይሸፍናል። እርስዎ እዚህች ላይ መፈረም ብቻ ነው።»

«ይሸፍናል?» አለች ሰፊዋ።

«በሙሉ ይሸፍናል።»

«ዘግይታችኋል» አለች። «አፈር ቀድሟችሁ ሸፍኖታል።»

እሷ ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ። «እኔ የሟች ባለቤት… ባለቤቴ ከቆየ ሕመሙ የተነሣ በተፈጥሮ መሞቱን አምኜ… በመሥሪያ ቤቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የሌለኝ መሆኑን…»

«ፈርሚ ልጄ» አለች አክስትየዋ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታዋ ከበሩ ውጭ ይሰማል። «ትልቅ ሰው እቤትሽ ድረስ መጥቶ!»

ሰፊዋ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። «ይሄ አልተሟላም» አለች።

«ምኑ?» አለ ኃላፊው።

«ማስረጃው። በተፈጥሮ ሞተ ይላል። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ በተፈጥሮ መሞቱን ከሆስፒታል አጽፋችሁ፣ ማህተም አስመትታችሁ አምጡ። ከዚያ እኔ ራሴ እፈርማለሁ።»

አንድ ሰው ከወዲያ ጥግ ሳቁ አመለጠው፤ ቶሎ ብሎ ሳል አስመሰለው። የኃላፊው አንገት ቀላ።

«እመቤቴ፣ ሐዘን ላይ ነዎት፤ እረዳለሁ…»

«ቶሎ ያነሡታል ብለውኛል» አለች፣ ድምፅዋ ሳይነቃነቅ። «ችግሩ እርስዎ ነዎት፤ ሲወድቅ ዝም ይበሉት ብለውኛል። ይኸው፣ በዚህኛው ማንም አላነሣውም። አራት ሰዓት ሙሉ ከራስዎ በላይ ተኝቷል፤ ማንም ቶሎ አላነሣውም። እንዳሉት ሆኗል። አሁን ምዝገባው ስንት ሆነ? አንድ ነው አይደል? አንድ ይቀረዋል።»

ኃላፊው ዙሪያውን አየ። የሚያግዘው ፊት ፈለገ። ዛሬም የመጣው ጋሼ ቡሎን ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንሥቶ ፊት ለፊቱ ሲያፈጥበት አየ፤ ዓይኑን መለሰ።

«እንደሚታወቀው» አለ በመጨረሻ፣ «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።»

«እውነትዎን ነው። እርስዎ በሕይወትዎ ምንም አውጥተው አያውቁም። እርስዎን በየቀኑ ሰባተኛ ፎቅ ያወጣዎት የነበረው ባሌ ነው።»

ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀች። ኃላፊው ተስፋ የተረፈችለት መስሎት ወርቃማ ብዕሩን ከደረት ኪሱ መዝዞ ሰጣት። «ምንም ዓይነት ጥያቄ የሌለኝ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች። ከሥሩ በጉልህ «ጥያቄ አለኝ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ቀኑን አደረገች። ወረቀቱን ለኃላፊው ሳይሆን ለመስኮቷ ልጅ ሰጠቻት።

«መዝግቢው» አለቻት። «ቅጂውን እኔ እወስዳለሁ። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎቹም ሲመጡ ያገኙታል፤ ጋሼ ትናንት ስለ አሟሟቱ አመልክተዋል።»

ልጅቷ ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ከተተች። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ሰፊዋ ጠበቀቻት። ልጅቷ አፏን ዘጋች። ሰፊዋም ከዚህ የተለየ ነገር አልጠበቀችም ነበር።

ወጡ። ኃላፊው ብዕሩን እንኳ ሳይጠይቅ ነው የወጣው። የአበባው ጉንጉን ከበሩ አጠገብ ቀረ፤ ሪባኑ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው የመሥሪያ ቤቱ ስም እንጂ የሟቹ ስም አልነበረም።

አክስትየዋ ለብዙ ጊዜ ዝም አለች። ይህ በራሱ ተአምር ነበር። በኋላ ወንበሯን ጎትታ ቀረብ አለች።

«እውነት ሲወድቅ ዝም በይው አሉሽ?»

«አሉኝ እትዬ።»

«አፈር ይብሉ!» አለች አክስትየዋ። ደረቷን መታ መታ አደረገች። ትንሽ አሰበችና፣ «ቢሆንም የቀብሩን ገንዘብ ተቀብለሽ ብትሰድቢያቸው ይሻል ነበር» አለች።

ሰፊዋ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም።

በማግሥቱ ወንበሮቹ ወደየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ሰው ቀነሰ። ከምሳ በፊት ጋሼ ቡሎን የባሏን ዕቃ ከወርክሾፕ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፦ የሥራ ዕቃ ሣጥን፣ ምሳ ዕቃ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ሰማያዊ የሥራ ጃኬት። ጃኬቱን ሲያስረክባት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የግራው ክርን ተቀዷል። ሲወድቅ የሞተሩ ብረት ይዞት ይመስለኛል። ልጥለው ነበር፤ ደግሞ መጣል የእኔ አይደለም ብዬ…»

«ደግ አደረጉ ጋሼ።»

ሽማግሌው ሲሄድ በሩን ዘግታ ጃኬቱን ዘረጋችው። ግራሶ ግራሶ ይሸታል። ቀዳዳው የመዳፍ ያህል ነው። ውስጡን ገልብጣ ጠርዙን በጣቷ ተከተለችው፤ የጨርቁን ውፍረት በሁለት ጣቷ መዘነችው፤ ከቁርጥራጭ ጨርቆቿ መካከል ጠንካራ ሰማያዊ ሸራ ፈለገች። ሁለት አገኘች፤ ደማቁን ተወችው፤ ከሌላ ሥራ የተረፈውንና የጃኬቱን ዕድሜ የሚመስለውን ደብዛዛውን መረጠች። በልኩ ቆረጠችው። ጠርዙን አጥፋ፣ ቀስ ብላ፣ በድርብ ስፌት ዙሪያውን ሰፋችው። ደግሞ በመሃሉ አመሳቅላ ሰፋችው፤ ብረት ቢይዘው እንኳ እንዳይለቅ።

አክስትየዋ ከጓዳ ብቅ አለች። «ለማን ነው ልጄ?» አለች።

አልመለሰችላትም። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ የቀኙን ክርን አዙራ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው፤ ደህና ነበር፤ አንዲት ክር እንኳ አልሳሳችም። ከዚያው ከደብዛዛው ሸራ ሌላ ቆረጠችና፣ ያልተቀደደውንም ክርን ደረበችለት።